ቤሪያ፦ ሁሉም ተማሪ የሚሠራበት ኮሌጅ

ከሲንሲናቲ ተነስተን በኢንተርስቴት 75 ወደ ደቡብ ነዳን። ሌክሲንግተንን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ሜዳው አለቀና ኮረብታው ጀመረ። ቤሪያ እዚያ የአፓላቺያ ተራሮች ግርጌ ላይ ያለች፣ በአሜሪካ የኬንታኪ ግዛት ትንሽ ከተማ ናት። ከተማዋና ኮሌጁ አብረው ስላደጉ የግቢው አጥር የቱ ጋ እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

እኔን እዚያ ድረስ የወሰደኝ አንድ ነገር ነው። ቤሪያ ኮሌጅ ከ1892 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከተማሪ የትምህርት ክፍያ አይቀበልም። የሚያስገባውም ቤተሰቡ መክፈል የማይችለውን ነው። ግን ሁሉም ተማሪ ይሠራል፤ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በደመወዝ።

መጀመሪያ የገባሁት መጥረጊያ ወደሚሠራበት ወርክሾፕ ነው። ቤቱ ደረቅ ሣር ሣር ይሸታል። መጥረጊያው የሚሠራው ከአንድ የማሽላ ዓይነት ነው፤ የእኛው ማሽላ ዘመድ። አንድ ወጣት ጭራውን በእንጨቱ ዙሪያ እየደረደረ በሽቦ ጥብቅ አድርጎ ይጠመጥማል። ከዚያ ጠፍጥፎ በወፍራም ክር ይሰፋዋል። ምን እንደሚማር ጠየቅኩት።

«ኮምፒውተር ሳይንስ» አለኝ፣ እጁን ሳያቆም።

ሌሎቹ ደግሞ ሽመና ላይ ናቸው። ቆሜ ሳያቸው አገሬ ትዝ አለችኝ። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን ስንት ስም አውጥተን አራቅናቸው! ጥበቡን ለብሰን፣ በጀበናው ጠጥተን፣ በማረሻው አርሰን። እዚህ ግን ነገ ነርስ ወይም መሐንዲስ የምትሆነው ልጅ መወርወሪያ ይዛ ተቀምጣለች፤ ማንም ዝቅ አድርጎ አያያትም።

ታሪኩም ቀላል አይደለም። መሥራቹ ጆን ፊ የባሪያ አሳዳሪ ልጅ ነበር። ሰባኪ ሆኖ ባርነትን ተቃወመ፤ በ1855 እዚህ ትምህርት ቤት ከፈተ። የኮሌጁ መሪ ቃል ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 የተወሰደ ነው፦ እግዚአብሔር የምድርን ሕዝቦች ሁሉ ከአንድ ደም ፈጠረ። ለዚህ እምነት በ1859 መጨረሻ የታጠቁ ሰዎች መጥተው እሱንና ባልደረቦቹን ከአካባቢው አስወጧቸው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ተመለሱ፤ ጥቁርና ነጭ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ።

በ1904 ግን ኬንታኪ ይህንን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ኮሌጁ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟገተ፤ በ1908 ተረታ። የጥቁር ታሪክ ጥናት አባት የሚባለው ካርተር ዉድሰን ከዚህ የተመረቀው በ1903 ነው። ሕጉ አንድ ዓመት ቢቀድም ኖሮ? በሩ ለጥቁር ተማሪዎች እንደገና የተከፈተው ሕጉ በተሻሻለበት በ1950 ነው። 46 ዓመት! ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ያለ ክፍያ እንዴት ይዘልቃል ለሚል፣ ምሥጢሩ የቆየ ውሳኔ ነው። በ1920 ቦርዱ፣ ሰዎች በኑዛዜ የሚተዉለት ገንዘብ ወደ ቋሚ ፈንድ እንዲገባ ወሰነ። ዛሬ ፈንዱ ከቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ትርፉ ተማሪውን ያስተምራል።

ምሳ የበላነው በ1909 በተከፈተው የኮሌጁ ሆቴል ነው። በማንኪያ የሚበላው የበቆሎ ዳቦ ትኩሱን መጣ። ጥሩ ነው።

ኮሌጁ በየዓመቱ ጥቂት የውጭ አገር ተማሪዎችንም ይቀበላል። ፉክክሩ ከባድ ነው። ቢሆንም ጎበዝ ሆኖ ገንዘብ ያጠረው ልጅ የምታውቁ ካላችሁ፣ የኮሌጁን ስም ንገሩት፤ ይሞክር።