የመጨረሻዋ መስመር

ዛሬ ደብረ ማርቆስ አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። «ጋሼ፣ ቪዲዮው ላይ ይሠራል፤ እኔ ጋ እምቢ አለ።» በፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) የጻፈው ኮድ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ፕሪንት (ጽሑፍ ስክሪን ላይ አውጣ የሚል ትእዛዝ) ብሎ ጽሑፉን ያለ ቅንፍ አስከትሏል።

ፓይተን ግን ጥፋቱን ነግሮት ነበር! መጨረሻው መስመር ላይ «ሲንታክስ ኤረር» (የአጻጻፍ ስህተት) ይላል፣ የፕሪንት ቅንፍ መጉደሉንም በግልጽ ጽፎታል። ልጁ ከላይ ጀምሮ ሲያነብ ደንግጦ እዚያ ሳይደርስ ትቶታል። የፓይተን ስህተት የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው፦ የመጨረሻዋ መስመር ምን እንደተበላሸ፣ ከሷ በላይ ያሉት ደግሞ የትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር ላይ እንደሆነ ይናገራሉ።

ቪዲዮው የድሮው የፓይተን 2 ነው፤ እዚያ ፕሪንት ያለ ቅንፍ ይሠራል፣ ልጁ ጋ ባለው ፓይተን 3 ግን አይሠራም። የፓይተን 2 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ቆሟል፣ ትምህርቱ ግን ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ይዞራል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ጎበዝ ልጆች «አልችልም» ብለው የሚተዉት እንዲህ ባለ ነገር ነው።

ቪዲዮ ከመጀመራችሁ በፊት የተቀዳበትን ዓመትና ቨርዥኑን እዩ። ይፋዊው የፓይተን መመሪያ ከነማስተማሪያው በነፃ ይወርዳል፣ ኔትወርክ ሲጠፋም ይነበባል። ድረ ገጹ ከላይ ቨርዥን መምረጫ አለው፤ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለውን ምረጡ።

ላይብረሪም (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) እንዲሁ ነው። ባሕር ዳር ደህና ኔትወርክ ስታገኙ በ«ፒፕ ዳውንሎድ» (ፒፕ የፓይተን ላይብረሪ ማውረጃና መጫኛ ነው) ፍላሽ ላይ አውርዱ፤ ቤት ስትገቡ «ፒፕ ኢንስቶል» ላይ «ኖ ኢንዴክስ» (ኢንተርኔት ላይ አትፈልግ) እና «ፋይንድ ሊንክስ» (እዚህ ፎልደር ውስጥ ፈልግ) ጨምራችሁ ከፍላሹ ጫኑ። የሚያወርደውና የሚጭነው ኮምፒውተር የፓይተን ቨርዥንና ኦፐሬቲንግ ሲስተም አንድ ይሁን፤ ለሊኑክስ ተዘጋጅቶ የወረደ ነምፓይ (የሒሳብ ላይብረሪ) ዊንዶውስ ላይ አይጫንም።