ተደጋጋሚው ሲቢሲ

አጣዳፊ የጨረር ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በማቅለሽለሽና በማስታወክ ይጀምራል፤ ደሴ ውስጥ በላብራቶሪ ባለሙያነት በምሠራበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ደግሞ ከማስታወክ የበለጠ የተለመደ ነገር የለም። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሐረጎን አቋርጦ አመሻሽ ላይ የደረሰውን ወጣት የውዳቂ ብረት ሠራተኛ ማንም ለይቶ ባላየው ነበር፤ ጓደኛው «ዶክተሮቹ ይዩት» ብሎ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸከመውን ከባድ የብረት ሣጥን ካርድ ክፍሉ መስኮት ሥር ባያወርደው ኖሮ። ሣጥኑ ላይ በብሎን የታሰረ ቢጫ ቆርቆሮ አለ። በላዩ ካለው የጨረር ማስጠንቀቂያ ምልክት ሦስት ጥቁር ክንፎች አንዱ በመቁረጫ ማሽን ተፍቆ ጠፍቷል፤ የተቀሩት ሁለቱ ግን የራጅ ክፍልን በር ለሚያውቅ ሰው በቂ ነበሩ። የራጅ ባለሙያችን ገና እንዳየው ሣጥኑ በጋሪ ተገፍቶ ሰው ወደማይደርስበት የግቢው ጥግ እንዲሄድና ዙሪያው በገመድ እንዲከለል አደረገ። የዚያን ምሽት ከተሠራው ሥራ ሁሉ ያለ ክርክር ትክክል የነበረው እርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ድንገተኛ ክፍሉ ባዶውን ቀረ። የጓንት ካርቶን ተሟጠጠ፣ አስታማሚዎች አልጋ እየገፉ ወጡ፣ አንዱ «አዮዲን ስጡት» ብሎ ለቁስል የሚቀባውን ጠርሙስ ይዞ መጣ። አዮዲን የሚረዳው ራዲዮአክቲቭ (ጨረር አመንጪ) አዮዲን ወደ ሰውነት ሲገባ የእንቅርት ዕጢን ከጉዳት ለመጠበቅ ነው፤ ያውም በእንክብል ነው። ሌላው ደግሞ ጨረሩ ውስጡ እንዳለ በራጅ ይታይ አለ፤ የራጅ ባለሙያው ፊት በዚያች ደቂቃ ምን እንደሚመስል መግለጽ አልችልም። ጨረር ከውጭ የመታው ሰው ራሱ ጨረር አይረጭም፤ ራጅ ተነሥቶ የሚወጣ ሰው ለማንም አደጋ እንደማይሆነው ሁሉ። የሚያሰጋው የራዲዮአክቲቭ ብናኝ በልብሱና በቆዳው ላይ ካለ ነው፤ ለዚያም ልብሱን አውልቆ በከረጢት ማሰርና ገላውን በሳሙናና በውኃ ማጠብ አብዛኛውን ብክለት ያስወግዳል። ይህን የፈጸሙት «አብሽር የኔ ልጅ» እያሉ የገቡት በዕድሜ የገፉት የጽዳት ሠራተኛችንና አንዲት ሲስተር ናቸው።

የመጀመሪያው ሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሴሎች ቆጠራ፣ ደህና ሆኖ ወጣ፤ ሊምፎሳይት የሚባለው የነጭ የደም ሴል ዓይነት ከ2,000 በላይ ነበር። በዚህ ሕመም ግን አንድ ሲቢሲ ብቻውን ምንም አይናገርም። ከባድ መጠን ያለው ጨረር መላ ሰውነቱን ያገኘው ሰው ሊምፎሳይቱ በሰዓታት ውስጥ መውረድ ይጀምራል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ በግማሽ ከቀነሰ መጠኑ ለሞት የሚያደርስ ሊሆን ይችላል ተብሎ ይጠረጠራል። ስለዚህ በየስድስት ሰዓቱ ደም ተወስዶ ቁጥሩ የሚሄድበት መንገድ ይታያል። ተረኛው ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ይህን ስነግረው ሳያንገራግር የምርመራ ወረቀቶቹን ጻፈልኝ፤ እኔም ሌሊቱን ሠራሁ።

ጠዋት ሲኒየሩ ሐኪም ራውንድ ሲወጡ ልጁ ማስታወኩን አቁሞ፣ ሻይ በዳቦ በልቶ ተቀምጦ ነበር። «ምግብ መመረዝ ነው፤ ይሂድ» ብለው ከወሰኑ በኋላ የምርመራ ወረቀቶቹን ቢያዩ ጊዜ ላብራቶሪ መስኮት ድረስ መጡ።

«ለአንድ ተቅማጥ ስንት ሲቢሲ ነው የምትሠራው? ሪኤጀንቱ የአባትህ ነው?»

«ዶክተር፣ የታዘዘውን ነው የሠራሁት፤ ኢንተርኑ ጽፎታል።»

«ኢንተርኑን ማን አጻፈው?»

ዝም አልኩ፤ ኢንተርኑም ከኋላቸው ቆሞ ጫማውን ያያል።

«ላብራቶሪ የታዘዘውን ይሠራል እንጂ አያዝም። ልጁ ደህና ነው፤ ዓይንህ አያይም?»

ይህች የመጨረሻዋ ናት እስከ ዛሬ የምታንገበግበኝ፤ ምክንያቱም ደህና መምሰል የዚህ ሕመም አንዱ ደረጃ ነው። ማስታወኩ ያቆማል፣ ሕመምተኛው ይበላል፣ ይስቃል፤ እንደ መጠኑ ከቀናት እስከ ሳምንታት እንዲህ ከቆየ በኋላ መቅኔው ደም ማምረት ያቆምና ኢንፌክሽንና መድማት ይመጣል። ሕክምናውም የሚዘጋጀው በዚሁ ደህና በሚመስልበት ጊዜ ነው፦ ነጭ የደም ሴልን የሚያነቃቃው ፊልግራስቲም ቶሎ ይጀመራል፣ ከኢንፌክሽን የሚጠበቅበት ክፍል ይዘጋጃል፣ ለእርሱ የሚሆን ደም ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ1986 በቼርኖቤል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አደጋ አጣዳፊ የጨረር ሕመም ከተረጋገጠባቸው 134 ሰዎች 28ቱ የሞቱት በመጀመሪያዎቹ ወራት ውስጥ እንጂ በፍንዳታው ሌሊት አይደለም።

በተቻለኝ ትሕትና የብራዚሏን ጎያኒያን አነሣሁላቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሁለት ሰዎች ከተተወ ክሊኒክ የካንሰር ሕክምና መሣሪያ አውጥተው ለውዳቂ ብረት ነጋዴ ሸጡት፤ ውስጡ ሲዚየም 137 የተባለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ነበረ። ከሁለቱ አንዱ ሲያስታውክ ሐኪም ቤት ሄዶ የተነገረው የበላው ምግብ እንዳልተስማማው ነው። ነገሩ እስኪታወቅ ድረስ ሁለት ሳምንት ገደማ አለፈ፤ 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ፣ አራት ሰዎችም ሞቱ።

ዶክተሩ እስከ መጨረሻው አደመጡኝ፤ ይህን አልነፍጋቸውም። ከዚያ «ይኼ ብራዚል አይደለም፤ ኮምቦልቻ ነው» ብለው ሄዱ።

ልጁ ግን አልተሸኘም፤ ሲስተሯ መውጫ ወረቀቱን «ማኅተም የሚያደርገው ሰው አልገባም» እያለች እስከ ከሰዓት በኋላ ያዘችው። ማኅተሙ ኪሷ ውስጥ እንደነበረ በኋላ ነው የሰማሁት። በዚህ መሐል ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት፤ 2,100፣ 1,950፣ 2,050 እያለ ባለበት ረጋ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሣጥኑን በዓይኑም ያላየ የዚያው የብረት ግቢ ዘበኛ በተቅማጥና በማስታወክ ተይዞ መጣ፤ ከልጁ ጋር ያገናኘው አብረው የበሉት ዱለት ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት የጨረር ባለሙያዎችም ሣጥኑን ለክተው ባዶ መሆኑን አረጋገጡ። የፋብሪካ ታንከር ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ቤት ነበር፤ የጨረር ምንጩ አስቀድሞ ወጥቷል፤ ያን ያህል ያከበደው ጨረር እንዳያልፍ ውስጡን የሸፈነው እርሳስ ነው።

ስለዚህ ዶክተሩ ልክ ነበሩ። በምን እንደተረዱት ግን ዛሬም አይገባኝም፤ ልክ የነበረው ዱለቱ ይመስለኛል። በተከታዩ ሳምንት የጠዋት ውይይት ላይ ገጠመኙን ራሳቸው አቀረቡት፤ የጨረር ሕመም ጥርጣሬ እንዴት እንደሚጣራ ለወጣቶቹ ሐኪሞች ሲያስረዱም የሊምፎሳይቱን ሠንጠረዥ ከነሰዓቱ በስክሪን ላይ አሳዩ። ሠንጠረዡ የእኔ ነው፤ ከመዝገቡ ላይ በስልክ ፎቶ ያነሡት መሆኑን በጠርዙ ከገባው አውራ ጣት ለየሁት። አንድ ኢንተርን እጁን አውጥቶ የመጀመሪያው ውጤት ደህና ከሆነ ለምን እንደተደገመ ጠየቃቸው። «በዚህ ሕመም አንድ ሲቢሲ አይታመንም፤ ሁልጊዜ ደግማችሁ እዘዙ» አሉት። ንግግሩ ትክክል ስለነበረ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

በዚያው ሳምንት ላብራቶሪ መስኮቱ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚደገም ሲቢሲ ያለ ሲኒየር ሐኪም ፊርማ እንዳይሠራ ይላል። ፊርማው የእርሳቸው ነው። ኢንተርኖቹ ደግሞ በውይይቱ ላይ እንደተማሩት ደግመው ያዝዛሉ፤ ወረቀቱን ለፊርማ የምመልስላቸው እኔ ነኝ።