ጆሮዬና የሰው ለቅሶ

ኢንደስትሪያል ተበስቻለሁ። የጆሮዬ የላይኛው ጠርዝ ላይ ሁለት ቀዳዳ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ በዘንጉ ጫፍና ጫፍ ትንንሽ ኳሶች። በቃ ይኸው ነው። እናቴ ግን ካየችው ቀን ጀምሮ "ሚስማሩ" ነው የምትለው። ጠዋት ጠዋት "ሚስማሩ እንዴት አደረ?" ትላለች፣ እኔ እንዴት እንዳደርኩ ሳትጠይቅ። አያቴ ደግሞ አንገቷን ሙሉ ተነቅሳ፣ ድዷንም ተነቅሳ፣ "ሰው በገዛ ገላው እንዲህ ይጨክናል?" አለችኝ። ምን ይመለሳል?

መበሳቱ እንኳ ቀላል ነበር። መጀመሪያ ፒያሳ አንድ ጸጉር ቤት ገባሁና በዚያ በሚተኮሰው ማሽን ልብሳሽ ስትለኝ ጥዬ ወጣሁ። ማሽኑ የጆሮን ልም አጥንት፣ ያን የሚተጣጠፈውን ክፍል፣ ደፍጥጦት ነው የሚያልፈው። ሌላ ቦታ አንዴ ተጠቅመው በሚጥሉት መርፌ ተበሳሁ። ዘንጉ ቲታኒየም፣ ውፍረቱ 1.6 ሚሊሜትር። መከራው መዳኑ ላይ ነው። ልም አጥንት የራሱ የደም ስር ስለሌለው ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይፈጅበታል። እስከዚያ አይነካም፣ አይሽከረከርም፣ አልኮል አይደረግበትም፣ በእሱ ጎን አይተኛም፣ ስልክም በእሱ አይወራም። የሚታጠበው 0.9 በመቶ ጨው ባለው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው።

ይሄን ውሃ ፍለጋ ፋርማሲ ሄድኩ። ስሙ ኖርማል ሳላይን ነው። ልጅቷ የምታውቀው ግን በክንድ የሚሰጠውን ነው፤ ባለ 1 ሊትሩን ላስቲክ አምጥታ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። "በሽተኛው የት ነው የተኛው?" አለችኝ። "ለጆሮዬ ነው" አልኳት። "ለጆሮ 1 ሊትር?" ብላ ሳቀች። እኔ ነኝ እንዴ ያመጣሁት? ደግሞ አንዴ ከተከፈተ ንጽሕናው አይጠበቅም፣ የተረፈው ሁሉ ይደፋል። ትንሿን የለንም አለች። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎችም ስለ ጆሮዬ መወያየት ጀመሩ። እዚህ ከተማ የሰው ጆሮ የሕዝብ ነው።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

ከአራት ኪሎ የመገናኛ ታክሲ ያዝኩ። ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" እያለ ትርፍ ጭኗል። አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፣ ለቅሶ እየሄዱ ነው። ቋጩ ትከሻቸው ላይ ነው፣ ትከሻቸው ደግሞ ጆሮዬ ሥር ነው። ታክሲው ጉድጓድ ገባ። እኔና እማማ ተጋጨን። ከጉድጓዱ ሲወጣ እሳቸው ቀና አሉ፣ ጆሮዬም አብሯቸው ቀና አለ።

የነጠላ ቋጭ ጫፉ ላይ ቋጠሮ እንዳለው ታውቃላችሁ። ያ ቋጠሮ በዘንጉና በጆሮዬ መሃል ባለችው ክፍተት ሹልክ ብሎ ገብቷል፤ ተመለስ ቢሉት እሺ አይልም። ጎረቤቶቹም ተከትለውት ገብተው ኳሱ ላይ ተጠምጥመዋል።

"እማማ፣ እባክዎ ነጠላውን ትንሽ ያውልቁልኝ።"

"ለቅሶ ቤት በባዶ ትከሻ ልግባ ልጄ?"

"ይቆረጥ" አለ ከኋላ አንዱ። "ምኑ ነው የሚቆረጠው! ልጄ ለፋሲካ የገዛችልኝን!" አሉ እማማ። ረዳቱ ላይተር አውጥቶ "ላቃጥለው?" አለ። ቀልዱን መስሎኝ ነበር፣ ለካ ለኩሶታል። ኳሱን ፈትተሽ አትገላገዪም ነበር የምትሉኝ ካላችሁ፣ የታክሲ በርና የታክሲ ብር የነካ እጅ ያልዳነ ቁስል ላይ አይገባም፤ ኳሱም ቢሆን ጓንት ካላደረጉ ያዳልጣል እንጂ አይፈታም።

"ቀበና ወራጅ አለ!" አሉ እማማ። ወረዱ። እኔም ወረድኩ። ራሴን ትከሻቸው ላይ ዘንበል አድርጌ እንደ ገበያ በግ ተከተልኳቸው። ረዳቱ ሂሳቤን እስከ መገናኛ ነው የቆረጠው፤ መልስ ስለው "ራስሽ ነሽ የወረድሽው" አለኝ። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ድንኳኑ በር ላይ ቀስ ብለን እንገባለን ብዬ ነበር። እማማ ግን ሟች የድሮ ጎረቤታቸው ናቸው፣ አብረው ብዙ አሳልፈዋል። "ወንድም ጋሼን! ወንድም ጋሼን!" ብለው ደረታቸውን ሲመቱ ነጠላው ከነጆሮዬ ተነሣ። "ወይኔ! ወይኔ! ኧረ በማርያም!" አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። እሳቸው ሲጎነበሱ ተጎነበስኩ፣ ሲወዛወዙ ተወዛወዝኩ፣ እንባዬ ዝርግፍ አለ። ጋብ ብሎ የነበረው ለቅሶ በእኔ ምክንያት እንደ አዲስ ተቀሰቀሰ። ካርታ ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ሳይቀሩ ካርታቸውን አስቀመጡ።

"እንዴት ብትወደው ነው!"

"ማናት?"

"እኔ እንጃ። ግን አፍንጫዋን አየሽው? ቁርጥ እሱን!"

ፎቶው ፊት ለፊት ተቀምጧል። በእንባዬ መሃል አየሁት። እውነት ለመናገር አፍንጫችን ትንሽ ይመሳሰላል።

ከዚያ በኋላ ሹክሹክታው ድንኳኑን ዞረው። "የውጪ ልጅ ነበረችው እንዴ?" "እኔማ ድሮም ጠርጥሬ ነበር" የምትልም አልጠፋችም። እማማ "ኧረ ታክሲ ውስጥ ነው የተገናኘነው" ቢሉም ማን ይሰማቸዋል። ጥቁር ኮት የለበሰው የሟች የመጀመሪያ ልጅ መጣና ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። "አባትሽ ማነው?" አለ፣ ለስለስ ብሎ ግን ጥርሱን ነክሶ።

"አባቴ አለ! አባቴ ደህና ነው!" አልኩ እያለቀስኩ።

አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ምስኪን፣ ገና አልተቀበለችውም። ውሃ ስጧት።"

ሦስት ሰው ደገፈኝ። አንዷ ጀርባዬን ስታሻሽ ነጠላው እንደገና ተሳበና እንደገና ጮህኩ፣ እሷም "አውጪው፣ አውጪው፣ ይውጣልሽ" አለችኝ። እኔም እኮ አውጡልኝ ነው የምለው!

በመጨረሻ የገባት ከጓዳ ንፍሮ ይዛ የመጣች ልጅ ነች። እኔንና እማማን አንድ ላይ ወደ ጓዳ ወስዳ በርጩማ ላይ አስቀመጠችን። መርፌ አነሣች። ሽንኩርት ስትከትፍ፣ በርበሬ ስትነካ የዋለች ናት፤ "እጅሽን ታጠቢ" ስላት ተቀየመችኝ፣ ግን ታጠበች። ክሩን አንድ በአንድ አወጣችው። የእማማ ነጠላ አንድ ክር አልጎደለበትም። የእኔ ጆሮ ቲማቲም ከሚከተፍበት አጠገብ ተቀምጦ ከቲማቲሙ አይለይም ነበር። ሴቶቹ ዙሪያዬን ከበው ፌጦ አድርጊበት፣ ቅቤ ቀቢው፣ ጤና አዳም ዘፍዝፊበት ይላሉ። እኔ ስለ 0.9 በመቶ ጨው ሳስረዳ "በሐዘን ላይ ብዙ አታውሪ" ተባልኩ። ንፍሮውን በላሁ። እማማ የጆሮሽን ነገር እጠይቃለሁ ብለው ስልክ ቁጥሬን ወሰዱ።

ከኋላ በኩል ያለችው ቀዳዳ አብጣ እብጠቷ ላይ ሌላ እብጠት ሠራች። የበሳኝ ልጅ አይቶ "አትንኪያት፣ ዝም ብለሽ እጠቢያት፣ ዘንጉንም አታውጪ" አለኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ "ምን ነክቷት ነው?" ሲለኝ "ሐዘን" ብዬው ወጣሁ። ከዜሮ ጀምሬ እየቆጠርኩ ነው ማለት ነው። እናቴ ተደስታለች።

ትናንት ማታ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። እማማ መስለውኝ በደህናው ጆሮዬ አነሣሁት።

"እህቴ" አለ ወፍራም የወንድ ድምፅ። "ያው ሐዘን ላይ ስለነበርን በወጉ አልተዋወቅንም። ስልክሽን ከእማማ ነው ያገኘሁት። የቤቱን ነገር ፍርድ ቤት ሳንካሰስ በሽማግሌ ብንጨርሰው ምን ይመስልሻል?"

ሁሉንም ላስረዳው አፌን ከፈትኩ። ስለ ነጠላው፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ዘንጉ።

"ቤቱ ስንት ክፍል ነው?" አልኩት።