ከችሎት ውጭ ያለው የሕግ ሥራ

የሰፈራችን ልጆች ሕግ ተመርቀው ሲመጡ የሚጠይቁኝ ስለ ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ዳኝነት፣ ዓቃቤ ሕግነት ወይም ጥብቅና። ሦስቱም የተከበሩ ሙያዎች ናቸው። ተከላካይ ጠበቃ መሆን የሚፈልግ ግን እስካሁን አልገጠመኝም፤ ያሳዝነኛል። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለውን ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የደነገገው እኮ ሰው ገብቶ እንዲሠራበት ነው።

እኔ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። እንጀራዬ ግን በአብዛኛው ከውል ዝግጅት ነው፤ ይህንንም ሥራ ከልቤ እወደዋለሁ። በከተማው ዳርቻ ቤት በየቀኑ ይሸጣል፣ ይገዛል። በቅርቡ አንድ ባልና ሚስት የቤት መግዣ ውላቸውን ይዘው መጡ። ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል፤ ሦስት ምስክሮች ፈርመውበታል፤ ከግርጌው የሻጩ የጣት አሻራ አለ። «ሽማግሌዎቹ ሁሉ ያውቁታል እኮ» አሉኝ ሴትየዋ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ደግነቱ ሻጩ ቃላቸውን አላጠፉም፤ ካርታውም በስማቸው ነበር። ውሉን እንደ አዲስ አዘጋጅቼ ሁሉም ውልና ማስረጃ ቀርበው ፈረሙ። ሻጩ ቢክዱ ወይም ቢሞቱ ኖሮ ይህ ጉዳይ ስንት ዓመት ፍርድ ቤት ያመላልስ ነበር!

ነገረ ፈጅነትንም፣ ማለትም ለአንድ ድርጅት ተቀጥሮ የሕግ ጉዳዩን መያዝን፣ አትናቁት። በገላንና በዱከም ስንት ፋብሪካ አለ! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቃውን ጥፋት ባወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልወሰነ መብቱ ይቀርበታል። «ጊዜው አልፏል፣ ደብዳቤውን አትፈርሙ» ብሎ ሥራ አስኪያጁን የሚያስቆም ነገረ ፈጅ የአንድ ቤተሰብ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ያደርጋል፤ ድርጅቱንም ከክስ ያድናል።

ጥብቅናን የመረጣችሁም ብትሆኑ ፈቃድ ለማውጣት የሥራ ልምድና ፈተና ይጠበቅባችኋል። እስከዚያው ከነባር ጠበቆች ሥር ሆናችሁ ሥራ ልመዱ። አዋጅ 1249/2013 ጠበቆች የጥብቅና ድርጅት አቋቁመው በጋራ እንዲሠሩ ስለፈቀደ በሩ ከድሮው ሰፍቷል።

ለዚህ አካባቢ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። ከእኛ ትንሽ አለፍ ሲል ገላን ነው፤ በዚያ ፍርድ ቤቱ የኦሮሚያ፣ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። በክልሉ ጉዳዮች ለመከራከርም የክልሉ የጥብቅና ፈቃድ ያስፈልጋል። ቋንቋውን የማትችሉ ዛሬውኑ ጀምሩ። እኔ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው የጀመርኩት፤ አሁን የክስ ማመልከቻ አንብቤ እረዳለሁ፣ ችሎት ቆሞ መከራከሩ ግን ገና ይቀረኛል።