የቺምፓንዚ ፊትና የባጃጅ ግንባር፦ በደብረ ማርቆስ የሠራሁት የካርድ ሙከራ

ቺምፓንዚ ፊት እንዴት እንደሚለይ ለተማሪዎች ለማሳየት ቺምፓንዚ አያስፈልግም፤ ጎጃም ውስጥስ ከየት ይመጣል? የተመራማሪዎቹ አሠራር ይበቃል። በ1998 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ሊሳ ፓርና ባልደረቦቿ ለቺምፓንዚዎች ፎቶ እያሳዩ አቻውን አስመረጧቸው። የቺምፓንዚና የሰው ፊት ተዘቅዝቆ ሲቀርብ ተቸገሩ፤ መኪና ሲዘቀዘቅ ግን እንደዚያ አልሆኑም።

በመኪና ፋንታ ባጃጅ አስገባሁ። ሦስት ክምር ካርድ ይዘጋጃል፦ ቺምፓንዚ፣ ተማሪዎቹ የማያውቋቸው ሰዎች (አስፈቅዶ)፣ የባጃጅ ግንባር። ለየክምሩ 12 ፊት፣ ለየፊቱ በተለያየ ጊዜ የተነሱ ሁለት ፎቶዎች። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ይሁን፣ ጀርባው ይቆረጥ፣ ስፋቱ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። አንዱን ለሁለት ሰከንድ አሳይቶ መሸፈን፣ ከዚያ ሌላኛውን ፎቶውን ከባዕድ ጋር ጎን ለጎን አቅርቦ ማስመረጥ ነው። ቀኝና ግራውን ሳንቲም ይወስን። 12 ጊዜ ቀጥ ብሎ፣ 12 ጊዜ ሦስቱም ካርዶች ተዘቅዝቀው ይቀርባሉ። ግማሹ ተማሪ ከተዘቀዘቀው ይጀምር፤ አለዚያ ልምምዱ ውጤቱን ያዛባል።

ያንኑ ፎቶ ደግሞ ማቅረብ ሙከራውን ከንቱ ያደርገዋል፤ ልጁ የሚያዛምደው ወረቀት እንጂ ፊት አይደለም። አፉን የከፈተ ከከፈተ ጋር ከገጠመም ያው ነው። የቺምፓንዚ ግልገል ፊቱ ነጣ ያለ ስለሆነ ከአዋቂ ጋር አይደባለቅ። ከሁሉ የሚያታልለው ግን የባጃጁ ክምር ነው፤ ታርጋው፣ መስተዋቱ ላይ የተለጠፈው ጥቅስ፣ የተንጠለጠለው ዘርፍ ሁሉ መልስ ይነግራል። ታርጋውን በፕላስተር ሸፍኖ፣ ጌጥ የበዛበትን ጨርሶ መተው ይሻላል።

ካርድ አቅራቢው መልሱን ካወቀ ዓይኑ ይነግርበታል። ስለዚህ አንዱ ይደርድር፣ ሌላው ያቅርብ። «ትክክል ነህ» የሚባል ነገርም እስኪያልቅ የለም።

ከ12 ጥያቄ 9 መመለስ በግምትም ያጋጥማል፤ 10 ሲደርስ ነው የማምነው። የሰው ፊት ሲዘቀዘቅ ውጤቱ ወረደ፣ ባጃጁ እምብዛም አልተነካም፣ የቺምፓንዚው ክምር መሃል ላይ ቀረ። የሚጠበቅ ነው፤ ዓይናችን የለመደው የሰውን ፊት ነው። በእነ ፓር ጥናት ቺምፓንዚዎቹም ካፑቺን በሚባለው የደቡብ አሜሪካ ጦጣ ፊት ላይ የመዘቅዘቅ ችግር አልታየባቸውም።

አራተኛ ክምር ለሚጨምር የዘጌ ጦጣ አለለት። ሁለቱ ፎቶዎች የአንድ ጦጣ መሆናቸውን በጆሮ ቅዳጅ ወይም በጠባሳ ያረጋግጥ፤ ካርዱ ላይ ግን ያንን ምልክት ቆርጦ ያውጣው።