ሃያ ዩሮና ጉልበቴ

ጉልበቴ ምንም አላጠፋም። ይህን አስቀድሜ ልናገርለት። አርባ ስድስት ዓመት ተሸክሞኛል። ሰግጄበታለሁ፣ ኳስ ተጫውቼበታለሁ፣ ለሚስቴ ቀለበት ሳቀርብ ተንበርክኬበታለሁ (እሷ «ተነስ፣ ሰው ያየናል» አለችኝ እንጂ)። ባለፈው ሐምሌ ሮም ላይ የደረሰበት ነገር ግን ይኸው እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ ያባንነኛል።

ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ፕሮግራሙ ላይ «ሮም» ተብሎ ይጻፋል። ጠዋት መጋረጃውን ስትገልጡ ግን ሮም የለችም። ያለው ክሬንና ኮንቴይነር ነው። ወደቡ ቺቪታቬኪያ ይባላል፤ ሮም ከዚያ ሰባ ምናምን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። አዲስ አበባ አደርሳችኋለሁ ብሎ ሞጆ ላይ እንደማውረድ ቁጠሩት። ሞጆም እኮ ደረቅም ቢሆን ወደብ አላት።

መርከቡ ለአውቶቡስ የጠየቀንን ዋጋ ስሰማ «በባቡር እንሄዳለን፤ እኔ ጣልያንኛ አያቅተኝም» አልኩ። የኔ ጣልያንኛ የሁላችሁም ጣልያንኛ ነው፦ ፌርማታ፣ ጎሚስታ፣ ፎርኖ፣ ባንኮኒ፣ ላቫጆ፣ ፍሪሲዮን። በዚህ ቋንቋ መኪና ማሠራት ይቻላል፤ መንገድ መጠየቅ ግን ይከብዳል። ቢሆንም ባቡሩ ውስጥ አንዱን ሰውዬ «ሳን ፒዬትሮ፣ ፌርማታ?» ብለው «ሲ፣ ሲ» አለኝ። ዞር ብዬ ሚስቴን አየኋት። ያ አስተያየት ነው ኋላ ጉድ የሠራኝ።

ጠዋት ካቢን ውስጥ «ሱሪ ልበስ፣ የምንሄደው ቤተ ክርስቲያን ነው» ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ ባለ ስድስት ኪስ አዲስ ቁምጣ ገዝቻለሁ። «እሱ እኛ ጋ ነው። ፈረንጅ በዚህ አይጨነቅም» አልኳት። ምንም አልመለሰችም። ሃያ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ያ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ነበረበት።

ወደ ጉልበቴ ከመመለሴ በፊት ስለ ማኪያቶው ልናገር፤ ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። ማኪያቶን እነሱ ናቸው የሰጡን፤ እሺ። ግን እኛ አሳድገነዋል፤ ለወግ ለማዕረግ አብቅተነዋል። ከሳን ፒዬትሮ ጣቢያ ወጣ ብለን አንድ ካፌ ቁጭ አልንና ሁለት ማኪያቶ አዘዝኩ፤ በኩራት፣ ያለ አስተርጓሚ። የመጣው የልጅ መጫወቻ የምታህል ስኒ ናት። ታችኛው ጥግዋ ላይ ጥቁር ቡና፣ አናቱ ላይ አንዲት የወተት ጠብታ። አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ ወተት እየጠጣ ያስነጠሰበት ይመስላል። ሚስቴ አንስታ አየችውና «ጠጣው፣ መድኃኒት ነው» አለችኝ። ሒሳቡ ሲመጣ አሥራ አንድ ዩሮ። ለካ ባንኮኒው ጋ ቆሞ የጠጣና ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሒሳባቸው ለየቅል ነው። ባንኮኒ የሚለውን ቃል እያወቅሁ መቀመጤ ነው የሚያበግነኝ።

ከዚያ የሳን ፒዬትሮ (የቅዱስ ጴጥሮስ) ቤተ ክርስቲያን አደባባይ። ሰልፉ የዓምዶቹን ጥላ ተከትሎ ይዞራል፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ እኔ ደግሞ ታሪክ ጀምሬያለሁ። መጀመሬ ለሚስቴ ብቻ አይደለም፤ አማርኛ የማይሰሙት ሰልፈኞች እንኳ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው። ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ እዚያው ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ የእኛ ቤት አለ አልኳት። ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ ይባላል፤ የሐበሻ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ያርፉበት የነበረ። በግእዝ ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው መዝሙረ ዳዊት በ1513 እ.ኤ.አ. እዚህ ሮም ነው የወጣው። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 ሐዲስ ኪዳንን ማሳተም የጀመሩት እዚያው ቤት እየኖሩ ነው። አታሚዎቹ ማንበብ አይችሉ፣ እሳቸው ማተም አይችሉ፤ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳድተው ነው የሠሩት። «እና እኛ እዚህ እንግዳ አይደለንም» ብዬ እጄን ስዘረጋ መግቢያው ጋ ደርሰን ኖሯል።

ባለ ጥቁር ልብሱ ሰውዬ ፊቴን አላየም። በጣቱ ወደ ታች አመለከተ። ጫማዬ መሰለኝ። ጣቱን ትንሽ ከፍ አደረገ። ጉልበቴ ነው።

ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ ምልክቱም በሥዕል ተለጥፏል። ቁምጣ የለበሰ ሰው ተሥሎ በቀይ ተሰርዟል፤ ሥዕሉ እኔን ይመስላል። «አቢሲኒ» አልኩት ደረቴን እየነካሁ፣ የቤቱ ባለመብት መሆኔን እንዲረዳ። እሱ ማንበብ አይችል፣ እኔ ማተም አልችል። በድጋሚ ጉልበቴን አሳየኝ። ከኋላ የተሰለፈው ዓለም ሁሉ ጉልበቴን አየው። ከዚያች ቀን በፊት ጉልበቴን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም፤ ያን ጊዜ ጎንበስ ብዬ ሳየው በእውነት የሚያሳፍር ነው። ጥቁር፣ የተጨማደደ፣ በልጅነት ብስክሌት የጣለኝ ጠባሳ መሐሉ ላይ ያለበት። ሁለት ሽማግሌዎች ቁምጣዬ ሥር አንገታቸውን አውጥተው የሚያላግጡብኝ ይመስላሉ።

ሚስቴ ምንም ሳትናገር ቦርሳዋን ከፈተች። ነጠላ አወጣች። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ይዛው ነው የምትዞረው! ደረጃው ጥግ ላይ አቁማ እንደ ሽርጥ አገለደመችኝ።

«ጥለቱን ወደ ታች አድርጊው እንጂ» አልኳት።

«መሬት ነክቶ እንዲቆሽሽብኝ ነው? ዝም ብለህ ቁም።»

እንዲህ ሆኜ፣ ጥለቱ ወገቤ ላይ ወደ ላይ ዞሮ፣ ፊቴ በላብና በንዴት ረጥቦ ስንጨቃጨቅ አንዲት እናት ከውስጥ ወጡ። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ጥቁር ቀሚስ፣ ነጭ ሻሽ። አማርኛችንን ሰምተው ነው የመጡት። ጥለቱን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እግዜር ያጽናችሁ ልጆቼ።»

ሚስቴ ሥርዓት አዋቂ ስለሆነች በደመ ነፍስ «አሜን» አለች። የመጀመሪያው ስህተት።

«ማን ነው ያለፈባችሁ?»

«ኧረ ማንም አላለፈብን እማማ! በመርከብ ነው የመጣነው፤ እሱ ሱሪ ሳይዝ ወጥቶ ነው።»

«በመርከብ!» አሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ጣልያን አገር ለኖረች ሐበሻ «በመርከብ መጣን» ሲባል ቡፌና መዋኛ አይታያትም። የሚታያት ሊቢያ ነው። ይህ የገባኝ ግን ኋላ፣ ባቡር ውስጥ ነው።

«ስንት ሆናችሁ ተነሳችሁ?» አሉኝ፣ እንባቸው እየመጣ።

«ወደ ሦስት ሺህ» አልኩ እኔ።

«ሦስት ሺህ! ሌሎቹስ የት አሉ?»

«ብዙዎቹ እንኳ መርከቡ ላይ ቀርተዋል።»

ሚስቴ ቆነጠጠችኝ፤ ጊዜው ግን አልፏል። እማማ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ተንሰቀሰቁ። ከዚያ ትንሿን ቦርሳቸውን ከፍተው ከአራት የታጠፈች ሃያ ዩሮ አወጡና እጄ ውስጥ ከትተው ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፏቸው።

«መጀመሪያ ሱሪ ግዛበት ልጄ።»

እምቢ አልን። በእግዜር አልን፣ በማርያም አልን። ግን እኛ እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን፤ እምቢ ያለ ሁሉ ይሉኝታ ይዞት ነው የሚባለው። በገፋናቸው ቁጥር ባሰባቸው። እውነቱን ልንገራቸው ብዬ «እማማ፣ እኛ እኮ አሜሪካ…» ስል ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ትገባላችሁ ልጄ፣ እሱ ያውቃል፤ ስንቱ ገብቷል» አሉኝ። የሚያስታምሟቸው አንዲት ጣልያናዊት አሮጊት እንደሚጠብቋቸው፣ እንደረፈደባቸው ነግረውን፣ ግንባራችንን ስመውን በደረጃው ወረዱ። በሰባ ዓመታቸው ሥራ ይሄዳሉ። እኔ ነጠላ አገልድሜ፣ የዚያች ቀን ደሞዛቸውን ይሁን ግማሹን የማላውቀውን ጨብጬ፣ ቆሜ ቀረሁ። ልሮጥ አልኩ፤ በነጠላ መሮጥ እንደማይቻል ሁለት ደረጃ ወርጄ አወቅሁ።

ገባን። ሰውዬው ወገቤን አይቶ በአክብሮት አሳለፈኝ። ውስጡን አትጠይቁኝ። ፒዬታን (የማርያምንና የክርስቶስን ሐውልት) አይቻለሁ፤ በ1972 እ.ኤ.አ. አንዱ በመዶሻ ከመታት ወዲህ ከመስታወት ጀርባ ናት። እናቲቱ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ ታየዋለች፤ እኔ መስታወቱ ውስጥ የሚታየኝ ጥለቴ ነው። አንዲት ቱሪስት ፎቶ አነሳችኝ፤ የባህል ልብስ መስሏት ይሆናል። የሙዳየ ምጽዋቱ ሳጥን ጋ ስንደርስ ብሯን ልከታት እጄን ዘረጋሁ። ሚስቴ ክንዴን ያዘች።

«ለሱሪ ነው የተሰጠህ። ለሌላ ማዋል አይቻልም።»

ስንወጣ አደባባዩን ሁለት ጊዜ ዞርን። በየዓምዱ ሥር አየሁ፤ ነጭ ሻሽ ያደረገች መነኩሲትን ሁሉ አስቆምኩ። የሉም። መርከቡ ሰዓት አለው፤ ባቡር ተሳፈርን። እስከ ቺቪታቬኪያ ድረስ አንዳችንም አልተናገርንም፤ ሚስቴ አንዴ ብቻ በመስኮቱ ወደ ባሕሩ እያየች ሳቅ አፈናት፤ ከዚያ ሳቁ ቆመና ዓይኗን ጠረገች። ሃያ ዩሮዋ አሁንም ፓስፖርቴ ውስጥ ናት። ዘመድ ሮም አላችሁ ወይ ብዬ ሜሪላንድ ያለውን ሐበሻ ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ «ስማቸው ማን ነው?» ሲሉኝ መልስ የለኝም። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅናቸውም።

ማታ ራት ላይ ሱሪ ለብሻለሁ። ጥቁር፣ የተተኮሰ፣ ከሻንጣው ሥር ሳምንቱን ሙሉ ተኝቶ የነበረ። አስተናጋጁ ነጭ ጨርቅ ጉልበቴ ላይ ዘረጋልኝና ሮም እንዴት እንደነበረች ጠየቀኝ። ሚስቴ ዓይኗን ከሜኑው ሳታነሳ «ተርፈናል በለው» አለችኝ።