ቁርጥ በዐቢይ ጾም

«አንተ ልጅ፣ ይሄ የማን ማኅበር ነው?» አሉኝ የዕድራችን ዳኛ በስልክ። ገና ጠዋት 1 ሰዓት ነው። የጠቅላላ ጉባኤው ጥሪ 60 ቅጂ ታትሞ ተበትኗል። የዕድሩ ስም መኖር በሚገባው ቦታ ላይ በደማቁ «የቁርጥ ወዳጆች የዕድሜ ልክ ማኅበር» ይላል። በዐቢይ ጾም!

የዕድሩን ደብዳቤ የማዘጋጀው እኔ ነኝ፣ በላቴክ፤ ጽሑፍን በትዕዛዝ አቀናብሮ ለኅትመት የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ነው። ራስጌው፣ ህዳጉ፣ ፎንቱ በአንድ የቅንብር ፋይል ውስጥ ነው ያለው። ኮምፒውተሮቹ ሦስት ናቸው፤ የኔ፣ የፀሐፊዋና የገንዘብ ያዡ። ሦስቱም ላይ ያለው ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው (ማን ጫነው እንዳትሉኝ)። ሌላ ሰው ቢሆን ፋይሉን በፍላሽ ገልብጦ ይገላገል ነበር። እኔ ግን ደንበኛ ፓኬጅ፣ ማለትም እንደ ፕሮግራም የሚጫን የፋይል ጥቅል፣ ካልሠራሁ አልኩ። በዴቢያን ደንብ የቅንብር ፋይል ቦታው «ኢቲሲ» የሚባለው ማውጫ (ፎልደር) ነው። እዚያው ውስጥ፣ «ቴክስኤምኤፍ» ፎልደር ሥር አስቀመጥኩት። ኮራሁ። ደብዳቤውን ሠላሳ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ራስጌውን ግን አንዴም ቀና ብዬ አላየሁትም።

ስልኩን ዘግቼ ፋይሉን ከፈትኩት። የዕድሩ ስም ቁጭ ብሏል። አተምኩ፤ ቁርጥ። ፀሐፊዋ ጋ ደወልኩ፤ «እኔ ጋ እኮ ልክ ነው» አለችኝ። ይሄኔ ነው የተናደድኩት።

ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አጠፋሁትና ፓኬጁን እንደገና ጫንኩ። ፋይሉ አልተመለሰም። የፓኬጁን ቁጥር ቀይሬ ጫንኩ። የለም። የላቴክን መሠረት፣ ቴክን፣ የሠራው ዶናልድ ክኑዝ የስሪት ቁጥሩን በየጥቂት ዓመቱ አንድ አንድ አኃዝ እየጨመረ ወደ ፓይ ያስጠጋዋል፤ በፈረንጆቹ 2021 ገና 3.141592653 ላይ ነበር። እኔ በአንድ ጠዋት ዘጠኝ ስሪት አወጣሁ።

ለካ የዴቢያን ፓኬጅ ጫኝ፣ ዲፒኬጂ፣ ጨዋ ነው። ኢቲሲ ውስጥ ያለ ፋይል ካጠፋህ «ባለቤቱ ያጠፋው ፈልጎ ነው» ብሎ ያከብርሃል፤ ደግመህ ብትጭንም አይመልሰውም። ፓኬጁን ከነቅንብሩ ጠራርገህ፣ ማለትም ፐርጅ አድርገህ፣ እንደ አዲስ መጫን አንዱ መላ ነው። በዚያ ሁሉ መሃል ያልገባኝ ግን ሌላ ነበር። ፋይሉ የለም፤ ቁርጡ አለ።

በመጨረሻ ኬፒኤስዊችን ጠየቅኩት። ላቴክ የትኛውን ፋይል እንደሚያነሳ የሚናገር ትዕዛዝ ነው፤ ከጠዋቱ ጀምሮ ልጠይቀው ይገባ ነበር። መልሱ የራሴ ቤት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ የግል ፋይሎቼ የሚቀመጡበት ማውጫ፣ ሆኖ ተገኘ። ከሁለት ዓመት በፊት ጓደኞቼን ለማሳቅ የሠራሁት ራስጌ፣ በዚያው በአንድ ስም፣ ቤቴ ውስጥ ባለ «ቴክስኤምኤፍ» ፎልደር ተኝቷል። ላቴክ ደግሞ ፋይል ሲፈልግ፣ ከሚሠራበት ፎልደር ቀጥሎ፣ መጀመሪያ የተጠቃሚውን ቤት ያያል፣ ከዚያ ኢቲሲን፣ ከዚያ የጋራውን። እኛ ቅርብ ያለ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል እንላለን። ለላቴክ ግን ጠበሉ ያው የቅርቡ ብቻ ነው።

አጠፋሁት። የተስተካከለውን 60 ቅጂ ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ ዳኛው ቤት ሄድኩ።

መነጽራቸውን አድርገው ራስጌውን በደንብ አዩት። «አሁን ልክ ነው» አሉ። በሩ ድረስ ሸኙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የዚያኛው ማኅበር መመዝገቢያ ስንት ነው? ለፋሲካ ይደርሳል?»